የሳይንስ ክፍላችን ይመለስልን፦ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ ለሚመለከተው የትምህርት ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፤

ጤና ይስጥልን። እኛ በጣና ዳር ባሉ ሦስት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳይንስ የምናስተምር መምህራን ነን። በኅዳር ወር ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰን ደብዳቤ ሦስት ነገር ያዛል። የሳይንስ ክፍሎቻችን ለንብረት ማከማቻ እንዲለቀቁ። የቅዳሜ ጠዋት የሳይንስ ክበብ እንዲቆም። «የእንስሳት አካል» ወደ ግቢ እንዳይገባ። ሦስቱም በአንድ ገጽ ሰፍረው፣ ማኅተም አርፎባቸው መጡ። ከመጻፉ በፊት የጠየቀን የለም። በአካል ሁለት ጊዜ መጥተን ነበር። አንዴ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። አንዴ «በደብዳቤ አስገቡ» ተባልን። አስገባን። እስከ ዛሬ መልስ የለም። ስለዚህ ወላጅም እንዲያነበው በግልጽ ጻፍን። ብዕሩን የያዝኩት እኔ የክበቡ አስተባባሪ ነኝና አንዳንድ ቦታ «እኔ» እያልኩ እናገራለሁ።

ትእዛዙ የነካው ትምህርት ብዙ ነው። እኛ ግን አንዱን ይዘን እንናገራለን፤ ሥርዓተ ነርቭን። ምክንያቱም ያ «የእንስሳት አካል» የተባለው የበግ አንጎል ነው።

ምን እንደምንሠራበት ላስረዳዎት። በዓመት ሁለት ሦስቴ ከኪሳችን አዋጥተን ከሉካንዳ ቤት የበግ ጭንቅላት እንገዛለን። ከቄራ ተመርምሮ የወጣ ነው። ሥጋ ሻጩ ራሱ ይከፍትልናል፤ ልጆች መጥረቢያ አይነኩም። አንጎሉን ነጭ ትሪ ላይ እናስቀምጠዋለን። ክብደቱ ከመቶ ግራም ጥቂት ከፍ ይላል። ልጆቹ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ትንሽ ቆይተው ለማየት ይገፋፋሉ። ስስ ሽፋኑን በመቆንጠጫ ስናነሳው እጥፋቱ ይወጣል። ግራና ቀኙ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። ከኋላ በኩል ሰሪበለም የሚባለው ትንሹ አንጎል አለ፤ ለሁለት ሲቆረጥ ውስጡ የዛፍ ቅርንጫፍ ይመስላል። ገልብጠን ስናየው ከሥሩ ነጫጭ ክሮች ወጥተዋል። ከሁለቱ ዓይኖች የመጡት ነርቮች ተገናኝተው ሲተላለፉ ያለ ምንም መሣሪያ ይታያል። በመጽሐፉ ላይ ይሄ አንዲት ትንሽ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ናት።

አንድ ቅዳሜ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ነካ አደረገችው። «ቲቸር፣ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል እኮ!» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የኔም እንዲህ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ያንቺም እንዲህ ለስላሳ ነው አልኳት። ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ ጭንቅላቷን ዳበሰች። በዚያ ቀን ስለ ሄልሜት አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በሳምንቱ አባቷ ትምህርት ቤት መጣ። «ሄልሜት ካልተገዛልኝ የወንድሜ ሳይክል ላይ አልቀመጥም ብላ ቤቱን አመሰችው፤ ምን አስተማራችኋት?» አለ። ቆጥቶ አልነበረም። ሊያይ ፈልጎ ነው የመጣው። ከተማችን የሳይክልና የባጃጅ ከተማ ናት። የአዋቂ ሰው አንጎል 1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ነው። ያን ሁሉ ለስላሳ ነገር ከአስፋልቱ የሚለየው አንድ የራስ ቅል ነው። ይህን ልጅቷ በጣቷ አወቀችው።

አንደኛው ቅሬታችን እንግዲህ ይሄ ነው። በእጅ የሚነካው ትምህርት ተወስዶ ሥዕሉ ብቻ ቀረልን። ልጆቻችንን በመጀመሪያው ቀን «የምናስበው በምናችን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ግማሾቹ ደረታቸውን ይነካሉ። አይፈረድባቸውም። ቋንቋችን ራሱ «ልብ በል» ይላል። ነርቭ የሚለውንም ቃል የሚያውቁት በንዴት ነው፤ «ነርቬን ነካኸው» ሲባል ይሰማሉ። ጅማቱንም፣ የደም ቧንቧውንም፣ ነርቩንም ሰፈር ውስጥ አንድ ላይ «ሥር» ብለን ነው የምንጠራቸው። እንዲህ ይዞ የመጣን ልጅ «ሰሪብረም፣ ሰሪበለም፣ ሜዱላ ኦብሎንጋታ» ብሎ እንዲሸመድድ ብናደርገው ስሙን ይይዛል። ነገሩን ግን አይዘውም።

ለዚህ ትምህርት ደግሞ ገንዘብ አልጠየቅንም። የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ይበቃናል። አንዱ ልጅ ሳያስጠነቅቅ ይለቀዋል፣ ሌላው በሁለት ጣቱ ይቀልበዋል። 15 ሳንቲ ሜትር ላይ የያዘው በ0.17 ሰከንድ ገደማ ነው። 20 ላይ የያዘው በ0.2 ሰከንድ። ዓይን አይቶ፣ አንጎል አዝዞ፣ ጣት እስኪጨብጥ ያለው ጊዜ እሱ ነው። ሌሊት ኳስ ሲያይ ያደረው ልጅ ማስመሪያው አምልጦት መሬት ይወድቃል፤ ስለ እንቅልፍ ከዚያ በላይ ምክር አያስፈልገውም። ሌላ ቀን ደግሞ አርባ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ይሠራሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንዱ የጎረቤቱን እጅ ጨበጥ ያደርጋል፣ ጭብጡ ዞሮ እስኪመለስ ሰዓት እንይዛለን። ፈጣን ነርቮች መልእክቱን በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ያደርሱታል። ዘገም ያለውን ሕመም የሚያመጡት ግን በሰከንድ ከአንድ ሁለት ሜትር አያልፉም። የእግር ጣቱን ድንጋይ ላይ የመታ ልጅ ምቱን ቀድሞ የሚሰማው፣ ከዚያ «ዋይ!» የሚያሰኘው የሚከተለው ለዚህ ነው። ክርናችንን ስንመታ እንደ ኮረንቲ የሚነዝረንም እዚያ ጋ ነርቩ ከቆዳ ሥር ቅርብ ስለሚያልፍ ነው። ልጆች ይሄን ሲሰሙ ሁሉም ክርናቸውን ይፈልጋሉ።

የታንኳውን ነገር ሳልነግርዎ አላልፍም። አባቱ ከደንገል ታንኳ የሚሠራ አንድ ተማሪ አለን። በክፍል ውስጥ ብዙም አይናገርም ነበር። ነርቭ አንድ ክር ሳይሆን የብዙ ሺህ ክሮች እስር ነው ስል እጁን አወጣ። «እንደ ታንኳ ነው በላኛ!» አለ። በሳምንቱ ከአባቱ የተረፈ ደንገል ተሸክሞ መጣ። አንዱን ዘንግ «ይሄ አንድ ክር»፣ አሥሩን አስሮ «ይሄ አንድ እስር»፣ እስሮቹን አንድ ላይ ጠፍሮ «ይሄ ነርቭ» ብሎ አስረዳን። አንዷን ዘንግ ሰብሮም «ይቺ ብትበጠስ ታንኳው አይሰጥምም፤ ብዙው ከተበጠሰ ግን እጅ አይታዘዝም» አለ። ከኅብለ ሰረሰር እንዲህ ያሉ 31 ጥንድ ነርቮች እንደሚወጡ ያን ዕለት የረሳ የለም። ያ የደንገል ነርቭ አሁን የት እንዳለ ላሳዝንዎት። ክፍላችን ሲለቀቅ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ገባ።

ሁለተኛው ቅሬታ የተቆለፈው ሳጥን ነው። ከአንዱ ትምህርት ቤታችን ግምጃ ቤት ውስጥ የሰው አካል ሞዴል አለ። አንጎሉ ተነቅሎ የሚወጣ፣ ኅብለ ሰረሰሩ የሚታይ፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ቅጽ ገቢ ሆኗል። ሞዴል 22 በሚባለው ቅጽ ወጪ ለማድረግ ግን የሚደፍር መምህር የለም። ከተሰበረ ከደመወዝ ይቆረጣልና። ንብረት ክፍሉም አይፈረድበትም፤ የሚጠየቀው እሱ ነው። እንዲህ ሆኖ ሞዴሉ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። በትምህርት ላይ ያለ ዕቃ ማለቁ አይቀርም። ጠመኔም ያልቃል። ለጠመኔ ማንም ደመወዙ አይቆረጥበትም።

አሁን ወደሚያንገበግበን ልምጣ።

አምና በጠዋት ሰልፍ ላይ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ወደቀ። የሚጥል በሽታ ነበረበት። ልጆቹ ተበተኑ። «አትንኩት፣ ይተላለፋል!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘ። ሌላው ማንኪያ ሊያስነክሰው ታገለ። ከመምህራኑም የሚበዙት ተደናግጠው ቆመው ነበር፤ እኔም አንዷ ነኝ። ልጁ ሲነቃ ከንፈሩ ደምቷል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አብሮት የሚቀመጥ ጠፋ። ያንን ባዶ ወንበር አልረሳውም።

በቀጣዩ ቅዳሜ በክበቡ ሌላ ነገር አላስተማርንም። አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ተራ በተራ ይነጋገራሉ። አንዳንዴ ብዙዎቹ ባንዴ ይጮኻሉ፤ ሰውነት የሚንቀጠቀጠው ያኔ ነው። የሚጥል በሽታ በምራቅም በመንካትም አይተላለፍም። የክብሪት ጭስ አያቆመውም። ወደ ጎኑ ማዞር፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መያዝ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። ልጆቹ ተራ በተራ እየተኙ ተለማመዱ። በሁለተኛው ሴሚስተር ልጁ ክፍል ውስጥ እንደገና ወደቀ። እኔ ከመድረሴ በፊት ሁለት ልጆች ወደ ጎኑ አዙረውታል። አንዷ ሹራቧን አጥፋ ከራሱ ሥር አድርጋለች። አንዱ ሰዓት እያየ ነው። ክብሪት የፈለገ አልነበረም። ዛሬ ያ ልጅ ብቻውን አይቀመጥም።

ክበቡ ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ደግሞ ይስሙ። በታኅሣሥ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የመንገድ ውሻ ባቱን ነከሰው። ቁስሉ የጥርስ ጫፍ ያህል ነበረች። ለማንም አልተናገረም። እናቱ ያየችው በአራተኛው ቀን እግሩን ስታጥብ ነው። ክትባቱን ጀምሮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። እኛ ግን እንቅልፍ አጣን። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ ላይ እየተጓዘ ነው አንጎል የሚደርሰው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። መንገድ ላይ እያለ ግን ይደረስበታል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ለክትባት መሄድ። ይሄን የተማረ ልጅ ትንሽ ቁስል ብሎ አይደብቅም። በክበቡ ዕቅድ መሠረት ይህን የምናስተምረው በዚያው በታኅሣሥ ነበር።

የጓያውን ነገር በአጭሩ ልበል፤ በዚህ አገር የማያውቀው የለምና። ጓያ በፎገራም በደንቢያም ይዘራል። በክፉ ቀን ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። አንዱ ተማሪያችን «አያቴን ጓያ ሰብሮት በሁለት ዱላ ነው የሚሄደው» ብሎ ነገረን። የሰበረው የጓያው እንፋሎት ነው ብሎ ያምናል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሱትን የነርቭ ሴሎች ይጎዳል። እግሩ የተጎዳ አይመስልም፣ ጡንቻው አለ፤ ትእዛዙ ግን በትክክል አይደርሰውም። አይድንም። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ ጉዳቱን ይቀንሰዋል። ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ሳይንስ አይደለም፤ የአያት እግር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፉት ዓመታት ልጆቻችን ብዙ ከባድ ድምፅ ሰምተዋል። በር በኃይል ሲዘጋ የሚንቀጠቀጡ አሉ። ለእነሱ «ልብህ የሚመታው አንጎልህ ሊጠብቅህ ብሎ ነው፤ በረጅሙ ስትተነፍስ የእረፍት መልእክት ይሄዳል፣ ልብም ይረጋጋል» ስንላቸው ፊታቸው ላይ የሚታየው እፎይታ ቀላል አይደለም። ፈሪ ነኝ ብሎ የሚያፍር ልጅ ነርቭ እንደዚህ እንደሚሠራ ሲያውቅ ማፈሩን ይተዋል።

ሦስተኛው ቅሬታ ፈተናው ነው። በጋራ የሚወጣው ፈተና ስለ ሥርዓተ ነርቭ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ስም ነው። «ሚዛን የሚጠብቀው የትኛው ነው?» ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የወደቀ ጓደኛውን እንዴት እንደሚረዳ የጠየቀው የለም። ስለዚህ ርእሰ መምህራን የተግባር ትምህርቱን እንደ ትርፍ ያዩታል። ክፍሉም ሲወሰድ ለምን ብሎ የተከራከረ አልነበረም።

ደብዳቤዎ የሰጣቸውን ምክንያቶች አንብበናል። የንጽሕና ስጋቱ ትክክል ነው። እኛም ስጋቱ ስላለን ከመጀመሪያው ጓንት እንጠቀማለን፣ ትሪውን በበረኪና እናጥባለን፣ የቀረውን ጉድጓድ ቆፍረን እንቀብራለን። አንድ ወላጅ እንዳልተመቸው ሰምተናል። ያ ወላጅ መጥቶ ቢያነጋግረን ደስ ይለናል፤ ልጁም ካልፈለገ አይነካም፣ የደንገሉን ይሠራል። በጾም ደግሞ ሉካንዳው ስለሚዘጋ በሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚበልቱት ሰዎች የቆሮሶ ጭንቅላት በነፃ እናገኛለን። አንጎሉ ትንሽ ናት፤ ጎልቶ የሚታየው ለማየት የሚያገለግለው ክፍል ነው። ይሄም አሁን «የእንስሳት አካል» ተብሎ ተከልክሏል። ማከማቻ አስፈላጊ መሆኑንም እናውቃለን። የተሰበረ ወንበር ግን ጥላ ሥር መቆየት ይችላል። በጀት የለም ለሚለው መልሳችን አጭር ነው፤ በጀት ጠይቀን አናውቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የሳይንስ ክፍሎቹ ይመለሱልን። ሙሉ ለሙሉ የማይቻል ከሆነ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ይፈቀድልን፣ ዕቃውን ራሳችን ወደ ጎን እናደርጋለን። የቅዳሜው ክበብ በጽሑፍ ይፈቀድልን። ከቄራ የወጣ የበግ ጭንቅላትና የዓሣ ጭንቅላት በመምህር ኃላፊነት እንዲገባ ይፈቀድ፤ የንጽሕና ደንቡን ጽፈን ከዚህ ጋር አያይዘናል፣ ጤና ባለሙያ አይቶ ያርመው። የተቆለፈው ሞዴል ለትምህርት ሲውል ቢጎዳ መምህሩ ከደመወዙ እንደማይከፍል የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍልን። በየትምህርት ቤቱ በዓመት ቢያንስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለሚጥል በሽታ እርዳታ፣ ለውሻ ንክሻና ለራስ ቅል ጉዳት ይመደብ፤ መምህራኑም አብረው ይማሩ። በጋራ ፈተናውም ውስጥ የተግባር ጥያቄ ይግባ።

መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ቢቻል ሁዳዴ ሳይገባ ይሁን። ሁዳዴ ከገባ በግ የምናገኘው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፈተናው ይደርስብናል። ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ቢያዩም በራችን ክፍት ነው። ያ የታንኳ ሠሪው ልጅ ያስረዳዎታል።

ከአክብሮት ጋር፤

በጣና ዳር የሦስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ መምህራን
በመምህራኑ ስም፦ የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ
ባሕር ዳር፣ ጥር

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት
ለሦስቱ ትምህርት ቤቶች ርእሰ መምህራን